ገቢር ያለ ተሳቢ፦ ስለ ዕፅዋት ኬሚስትሪ ቃላት አተረጓጐም የቀረበ ሂስ

የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከዕፅዋትና ከባሕር እንስሳት አካል ልዩ ልዩ ውሕዶችን እያነጠሩ ጠባያቸውን የሚመረምሩበት የጥናት ዘርፍ፣ በአገራችን ከሚሠራባቸው የሳይንስ ዘርፎች መካከል ለሕዝቡ ቋንቋ እጅግ የቀረበው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊዚክስ ስለ ኤሌክትሮን ሲናገር ባላገሩ በራሱ ቃል የሚመልሰው ነገር የለውም። ይህ ዘርፍ ግን የሚናገረው ስለ እንዶድ፣ ስለ ኮሶና ስለ እሬት ነው። ስለዚህ የጥናቱ ውጤት ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው በባዶ ሜዳ ላይ አይቆምም፤ ከእርሱ አስቀድመው ዕፁን ለይተው፣ ስም አውጥተው፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን በቃል ከለዩ ሰዎች ፊት ይቆማል እንጂ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አተረጓጐሙ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና ለሕዝብ በሚሰናዱ ጽሑፎች ዘንድ ያለበትን ሁኔታ መመርመር፣ ዋናውን ስሕተት ማሳየትና ማረሚያ ማቅረብ ነው። ሂሱ የሚነቅፈው ኬሚስቶቹን ሳይሆን እኛን ተርጓሚዎችን ነው፤ ከእኛም መካከል የመጀመሪያው ተወቃሽ ጸሐፊው ራሱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

፩. በሸዋ ሮቢት ገበያ የተሰማ እርማት

ከዓመታት በፊት ስለ አገር በቀል ዕፅዋት ኬሚስትሪ የተጻፈ አጭር የምርምር ማጠቃለያ ለሕዝብ ንባብ እንዲሆን ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ቃል “ባዮአክቲቭ” የሚለው ነው። ቃሉን በባዕድ መልኩ መተው አላስደሰተኝም፤ ረጅም ሐተታ መጻፍም የዓረፍተ ነገሩን ውበት የሚያበላሽ መሰለኝ። ስለዚህ “ፈዋሽ” ብዬ ተረጐምሁት። እንዶድም በእኔ አማርኛ “ፈዋሽ ውሕዶች ያሉት ዕፅ” ሆነ። በጊዜው የኰራሁበት ትርጉም ነበር።

በኋላ የዕፅዋትን ስሞች ለመሰብሰብ ወደ ይፋት ቆላ ወረድሁ። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያስታውሰው ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን ያለፈ ሰው፣ በደብረ ሲና በኩል ቍልቍል ወርዶ 1300 ሜትር ግድም ከፍታ ካላት ከሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በአንድ ቀን ጕዞ ብርድ ልብስ ተጥሎ ነጠላ ይለበሳል። የደጋው ምርትና የቆላው ማሽላና ማሾ የሚገናኙት በዚሁ ገበያ ስለሆነ፣ በቆላው ሙቀት የማይበቅሉ ዕፆች ሳይቀሩ ደርቀውና ተቋጥረው ይሸጡበታል።

በዚያም አንድ ወጣት ያንኑ እኔ የተረጐምሁትን ወረቀት በእጁ ይዞ፣ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ከሚሸጡ አንዲት ባልቴት ፊት ቆሞ ለሆድ ሕመሙ ስንት ፍሬ እንደሚጠጣ ሲጠይቅ ሰማሁ።

“ልጄ፣ ይህ የልብስ ነው፤ አይጠጣም” አሉት።

“መድኃኒት ነው ሲሉ ሰምቼ የለም ወይ፣ እማማ? ወረቀቱም ፈዋሽ ይለዋል።”

“መድኃኒትስ መድኃኒት ነው፤ ለማን እንደሆነ ጠይቅ እንጂ።”

ወጣቱ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያችን ቃል ክብደት ስመዝን ኖሬአለሁ። ባልቴቲቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያረሙት ስሕተት የቃላት ምርጫ ጕድለት ብቻ አልነበረም፤ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ነበር።

፪. “ፈዋሽ” ለምን አይሆንም

“ባዮአክቲቭ” የሚለው ቃል በኬሚስቶች ዘንድ የሚያመለክተው በሕያው ነገር ላይ አንዳች ለውጥ የሚያደርስ ውሕድን ነው። ሕያው የተባለው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ባክቴሪያ፣ ወይም በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ የሚያድግ አንድ ሕዋስም ሊሆን ይችላል። ለውጡም ማዳን፣ መግደል፣ ማፍዘዝ ወይም ማሳበጥ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ስለ በጎነት የሚናገረው ነገር የለም። “ፈዋሽ” ግን ሁለት ነገሮችን ሳይጠየቅ ይጨምራል፤ ይኸውም አድራጎቱ ማዳን መሆኑንና የሚድነውም ሰው መሆኑን ነው። ሁለቱም በመነሻው ጽሑፍ ውስጥ የሉም።

“የመድኃኒትነት ባሕርይ ያለው” የሚለው የተለመደ አተረጓጐም ከዚህ ይሻላልን? መልሱ አንባቢው “መድኃኒት”ን በምን ትርጉም እንደሚቀበለው ይወሰናል። በአማርኛችን “መድኃኒት” ከመዳን የወጣ ስም ሆኖ ሳለ የአይጥ መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት፣ የዓሣ መድኃኒት እንላለን። “መድኃኒት አበሉት” የተባለለት ሰውም ታክሞ የዳነ አይደለም። ቃሉ ማዳንንና መግደልን በአንድ ቤት ያኖራል። በግእዝም “ሥራይ” መድኃኒትም መርዝም አስማትም ነው፤ ሐኪሙ “ዐቃቤ ሥራይ” ሲባል አስማተኛው “መሠርይ” ይባላል። የግሪኩ “ፋርማኮን”ም እንዲሁ ሁለቱንም ይዞአል። ስለዚህ የጥንቱ ሰው ነገሩን አልሳተውም፤ መድኃኒትነት በዕፁ ብቻ ሳይሆን በመጠኑና በተቀባዩ እንደሚወሰን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። የሳተው በሆስፒታልና በፋርማሲ ዘመን ያደገው የዛሬው አንባቢ ነው፤ “መድኃኒት” ሲባል የሚታየው በሐኪም የታዘዘ ክኒን ነውና። ተርጓሚ ደግሞ የሚጽፈው ለዛሬው አንባቢ ነው።

የእንዶድ ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያን ጥገኛ ትል የሚያሳድግ በመሆኑ እርሱን ማጥፋት የበሽታውን ሰንሰለት መቍረጥ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1989 አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እንዶድ የጠጣ ሕፃን አለመኖሩን አንባቢ ልብ ይበል። ሕፃናቱ ከበሽታው የተጠበቁት ቀንድ አውጣው ስለሞተ ነው። በእንዶድ ውስጥ የሚሠሩት ሳፖኒን የሚባሉት ውሕዶች ናቸው፤ ስማቸው ሳሙና ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ልብሱን የሚያጠራው አረፋም ከእነርሱ ነው። “እንዶድ ፈዋሽ ነው” ማለት እንግዲህ ገዳዩን ፈዋሽ፣ የሞተውን ታካሚ ማድረግ ነው። ኮሶም እንዲሁ ነው። የኮሶን ትል በማስወጣት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ፣ በ19ኛው መቶ ዘመንም ወደ አውሮጳ መድኃኒት ቤቶች የገባ ሲሆን፣ መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ብርሃንን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ሐኪሞች ጽፈዋል። ውሕዱ አንድ ነው፤ የተለየው ተቀባዩና መጠኑ ነው።

፫. የቀረበ ስያሜ

በምትኩ ምን እንበል? “ንቁ ውሕድ” የሚሉ አሉ። ይህ ከባዕዱ ቃል አንዱን ትርጉም ብቻ መዝዞ መገልበጥ ነው፤ በአማርኛ ንቁ የሚባለው ያልተኛ ወይም ያልተዘናጋ ሰው ነው። “ሠሪ ውሕድ” እንዳይባል “ሠሪ” በሕዝቡ አነጋገር ተንኰለኛ የሚል ጥላ አለው። “ገባሬ ሕይወት” ቢባል ሕይወትን የፈጠረ ማለት ይሆንና ነገሩ ወደ ሃይማኖት ይሻገራል። “ሥራይ”ን ማስነሣት በትርጉም ትክክል በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን ዛሬ ከሥራየኛ ጋር ብቻ ተጣብቆ ቀርቷል።

ጸሐፊው የሚያቀርበው “ገቢር ውሕድ” የሚለውን ነው። ቃሉ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አዲስ አይደለም፤ በሰዋስዋችን “ገቢር” እና “ተገብሮ” ከጥንት ጀምሮ ሲሠራባቸው ኖሯል። አድራጎቱ ወደ ሌላው የሚያልፍ ግሥ ገቢር ነው። ቃሉን ለኬሚስትሪ ተገቢ የሚያደርገው ይህ ብቻ አይደለም፤ ከሰዋስው ይዞት የሚመጣው ግዴታ ጭምር ነው። ገቢር ግሥ ተሳቢ ይፈልጋል። “ገደለ” ያለ ሰው “ማንን?” ይባላል። እንዲሁም “ገቢር ውሕድ” የጻፈ ተርጓሚ “በምን ላይ?” የሚለውን ጥያቄ ከዓረፍተ ነገሩ ሳይወጣ መመለስ አለበት፦ በቀንድ አውጣ ላይ ገቢር፣ በኮሶ ትል ላይ ገቢር፣ በቤተ ሙከራ በተራባ የካንሰር ሕዋስ ላይ ገቢር። የሸዋ ሮቢቷ ባልቴት “ለማን እንደሆነ ጠይቅ” ሲሉ የጠየቁት ይህንኑ ተሳቢ ነበር።

አማርኛ ለዚህ መሣሪያ እንደማያጣ “ጸረ” የሚለው ቃል ያሳያል። ጸረ ወባ፣ ጸረ ተባይ፣ ጸረ ባክቴሪያ ስንል ተሳቢው በስሙ ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን ይህም ቢሆን የሙከራውን ስፍራ አይናገርም። በሳሕን ላይ የካንሰር ሕዋስን የገታ ውሕድ ሁሉ በሰው አካል ውስጥ ካንሰርን አይገታም፤ ብዙ ጊዜ ጤነኛውንም ሕዋስ አብሮ ይጐዳል። “ካንሰርን የሚፈውስ ዕፅ ተገኘ” ተብሎ የሚነበበው ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ከዚህ ነው። ኬሚስቱ የሙከራውን ስፍራ በግልጽ ጽፎታል፤ ያስቀረው ተርጓሚው ነው።

“ውሕድ” ስለሚለው ቃልም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ንጥረ ነገሮች ተዋሕደው የሚሰጡት ነገር ስለሆነ ስያሜው መልካም ነው። አንዳንዶች ግን “ውሑድ” ብለው ይጽፉታል፤ በግእዝ “ውሑድ” ጥቂት ወይም ትንሽ ማለት ስለሆነ የተዋሐደውን ከጥቂቱ ጋር እንዳያደናግር “ውሕድ” መባሉ ይመረጣል። “ማንጠር”፣ “መዘፍዘፍ”፣ “ማጥለል” የተባሉት ግሦችም ከማእድ ቤት ወደ ቤተ ሙከራ ገብተው ያለ እንከን እያገለገሉ ናቸው። ቅቤ ያነጠረች ሴት ውሕድን ከዝፍዝፉ ማንጠር ምን ማለት እንደሆነ አስረጅ አያሻትም። መልካሙ ሥራ ሳይመሰገን መቅረት የለበትም።

፬. ከአገር የወጡ ስሞች ሲመለሱ

ከእንዶድ ከተነጠሩት ሳፖኒኖች አንዱ ለአክሊሉ ለማ ክብር በስማቸው ተሰይሟል። በአማርኛ ሲጻፍ ግን ብዙውን ጊዜ “ሌማቶክሲን” ይባላል። ይህ ከላቲን ፊደል እንደተነበበ የተገለበጠ ነው። አንባቢው ከ“ለማ” ይልቅ እንጀራ የሚቀመጥበትን ሌማት ያስባል፤ የሳይንቲስቱ ስም በገዛ አገሩ ፊደል ይጠፋል። ትክክለኛው “ለማቶክሲን” ነው። ከኮሶ የተነጠረው “ኮሶቶክሲን” ግን ስሙን ሳያጣ ተመልሷል።

እነዚህ ሁለት ስሞች ጐን ለጐን ሲቀመጡ ሌላም ነገር ያስተምራሉ። ከአማርኛ ወደ ዓለም አቀፉ ኬሚስትሪ የገቡት እነዚህ ሁለት ስሞች ሁለቱም የተጣመሩት “ቶክሲን” ማለትም መርዝ ከሚለው ቃል ጋር ነው። ስያሜውን የሰጡት ኬሚስቶች ሳይሸፋፍኑ “መርዝ” ያሉትን እኛ ወደ ቋንቋችን ስንመልሰው “ፈዋሽ” አልነው።

እንዶድ የሚለው ስም ራሱ ስለ ቋንቋ የሚናገረው አለው። ግኝቱ የተገኘበት የዓድዋ ሕዝብ ዕፁን የሚጠራው በትግርኛ “ሽብቲ” ብሎ ነው፤ በኦሮምኛ “አንዶዴ” ይባላል። ዓለም የተቀበለው ግን የአማርኛውን ነው። የመዝገበ ቃላት ሥራ የአንዱን ስም ሲያነሣ የሌሎቹን ማስቀረት እንደሌለበት ከዚህ በላይ ምሳሌ አያሻም።

፭. አንድ ስም ብዙ ዕፅ፣ አንድ ዕፅ ብዙ ስም

ሁለተኛው ስሕተት የዕፁን ስም ይመለከታል። በአማርኛ “እሬት” የምንለው አንድ ዕፅ አይደለም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ከጣርማ በር በላይ ባለው ደጋ የሚበቅለው በይፋት ቆላ ከሚበቅለው የተለየ ነው። መዛግብተ ቃላታችን የሚበይኑት በምሬቱ ነው፤ “እንደ እሬት መረረ” ለሚለው አነጋገር ይህ ይበቃል። ለኬሚስትሪ ግን አይበቃም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ኤርሚያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ባደረጉት ምርምር፣ በቅጠሉ ወተት የሚገኙት ውሕዶች ከዝርያ ዝርያ እንደሚለያዩ፣ በሥሩ የሚገኙትም ከቅጠሉ ውሕዶች ሌላ እንደሆኑ አሳይተዋል። እንግዲህ “በእሬት ውስጥ ይህ ውሕድ ተገኘ” ብሎ መተርጐም ዝርያውንም የአካሉንም ክፍል መሠወር ነው። “በዚህ ዝርያ ሥር ውስጥ” ወይም “በቅጠሉ ወተት ውስጥ” መባል አለበት።

ስሕተቱ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ እንጥቀስ። በደብረ ብርሃን አካባቢ የተገኘ አንድ እሬት በ1947 “አሎይ ደብራና” የሚል የሳይንስ ስም ተሰጠው። በ1957 ደግሞ ሌላ ተመራማሪ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብሎ “አሎይ ብርሃና” አለው። የዕፅዋት ሊቃውንት በኋላ ሁለቱ አንድ ዕፅ መሆናቸውን ወስነው የመጀመሪያውን ስም አጸኑ። አንዲት ከተማ ስሟ ለሁለት ተሰንጥቆ ለአንድ ዕፅ ሁለት ጊዜ ተሰጠ። ኤርሚያስ ዳኜና ጀርመናውያን ባልደረቦቻቸው በ1992 ከዚህ ዕፅ “አሎይክሪሶን” የተባለውን ውሕድ ማግኘታቸውን ሲያስታውቁ የተጠቀሙት በሁለተኛው ስም ነበር። ዛሬ ያንን ጽሑፍ የሚተረጕም ሰው የስሞቹን ታሪክ ካላወቀ ስለ ሁለት ዕፆች የተነገረ መስሎት ሊጽፍ ይችላል።

በይፋት ቆላ ደግሞ ተቃራኒው ይታያል። አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪዎች በአንድ ገበያ ስለሚገናኙ አንድ ዕፅ በአራት ስም ሊጠራ ይችላል። ለምሳሌ በቆላው ዳር የሚታየውን፣ ቅጠለ ሰፊውንና ነጭ ወተት የሚያፈሰውን ቍጥቋጦ አማርኛ ተናጋሪው “ጦቢያው” ይለዋል። ወተቱ በልብ ላይ ገቢር የሆኑ ውሕዶችን ይዟል፤ ዓይን ከነካም ይጐዳል። እዚህ ላይ ስም መሳት የቃል ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ ስም ሰብሳቢ ከስሙ ጋር የዕፁን ናሙና፣ የተገኘበትን ስፍራ፣ የተናጋሪውንም ቋንቋ መመዝገብና ናሙናውን ለብሔራዊው ኸርባሪየም ማስረከብ ይገባዋል። በተለይ የአርጎብኛ ተናጋሪዎች ቍጥር እየተመናመነ በመሄዱ ስሞቹ ከአዛውንቶቹ ጋር እንዳያልፉ ሥራው ይደር የሚባል አይደለም።

፮. የባሕር እንስሳት ነገር

አገራችን ወደብ ባይኖራትም ከባሕር እንስሳት ስለሚነጠሩ ውሕዶች የሚጻፈውን መተርጐማችን አይቀርም። እዚህ የሚያስቸግረው “ባሕር” የሚለው ቃል ነው። ጣናን ባሕር እንላለን፤ ባሕር ዳርም የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ እንጂ በባሕር ውስጥ የበቀለ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው አጠቃቀስ “የጨዋማ ባሕር እንስሳት” ብሎ መግለጥ ይበጃል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከካሪቢያን ባሕር ስፖንጅ የተገኙ ውሕዶች ሳይታራቢን ለተባለው የደም ካንሰር መድኃኒት መነሻ ሆነዋል። “ከስፖንጅ መድኃኒት ተገኘ” ብለን ብንጽፍ ግን አንባቢያችን ፍራሹን ይመለከታል። ግእዝ ከግሪክ የተቀበለውና በወንጌል ትርጉም የሚገኘው “ሰፍነግ” ለዚህ እንስሳ የተገባ ስም ነው፤ ከመጽሐፍ ወጥቶ ሥራ ሊሰጠው ይገባል።

በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው ዚኮኖታይድ የተባለው የብርቱ ሕመም ማስታገሻም መነሻው የአንድ የባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ ነው። በዓድዋ ቀንድ አውጣው በውሕድ ሞተ፤ እዚህ የቀንድ አውጣው መርዝ ለሰው ዕረፍት ሆነ። ገቢርነት እንጂ ፈዋሽነት የውሕዱ ጠባይ እንዳልሆነ ሁለቱ ተቃራኒ ታሪኮች በአንድ ቃል ይመሰክራሉ።

፯. መደምደሚያ

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ ግልጽ ነው። “ገቢር ውሕድ” ለተራ አንባቢ ይከብዳል፣ “ፈዋሽ” ግን ወዲያው ይገባል ይባል ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ወዲያው ይገባል፤ የሚገባው ግን ሐሰት ነው። አንባቢን ለጊዜው ማስቸገር ይቅርታ ይደረግለታል፤ ማሳሳት ግን አይደረግለትም። ስያሜው የማይጥመው ሰው “ባዮአክቲቭ” ብሎ ቢተወው እንኳ “ፈዋሽ” ከማለት ይሻላል፤ ባዕድ ቃል ቢያንስ አንባቢውን እንዲጠይቅ ያደርገዋልና።

ስለዚህ ተርጓሚ ከወረቀቱ ከመነሣቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ የትኛው ዝርያ? የትኛው የአካሉ ክፍል? በምን ላይ ገቢር? ሙከራው የት፣ በሳሕን ላይ ወይስ በሰው ላይ? አራቱ ሳይመለሱ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉ የተቃና ቢሆንም እንኳ አልተተረጐመም።

ያ የእኔ ወረቀት ዛሬም በአንድ ሰው ቤት ተቀምጦ ይሆናል። ልሰበስበው አልችልም። ይህ ጽሑፍ በከፊል ለእርሱ የተጻፈ እርማት ነው፦ “ፈዋሽ” ከሚለው ላይ “ገቢር” ተብሎ ይነበብ፤ ከእንዶድም ስም ቀጥሎ “በቀንድ አውጣ ላይ፤ አይጠጣም” የሚል ይጨመር።